በነጭ ክር የተሰፋው የአናጢው ወረቀት

አክስቴን ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ዘበኛው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞቹ፣ ጠበቆቹ ሁሉ «መርፌ» ነው የሚሏት። እሷም ለምዳዋለች። ከኋላዋ «መርፌ» ሲሏት ዞር ትላለች፤ በስሟ ቢጠሯት ግን ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት መንገዷን የምትቀጥል ይመስለኛል።

ሥራዋ የአንድ ጠበቃ ጸሐፊነት ነው። ቢሮው ከቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ታች ቁልፍ ሲሞረድ ድምፁ በወለሉ አልፎ እግር ሥር ይሰማል። የውስጠኛው ክፍል የጠበቃው ነው። የውጪው የአክስቴ ሲሆን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበርና ግድግዳውን ሙሉ የያዘ የብረት ካቢኔት አለው። የካቢኔቱን ቁልፍ ከአንገቷ አታወልቀውም። ቁልፍ ቀራጩ ባለፈች ባገደመች ቁጥር «ተለዋጭ ላውጣልሽ?» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም «መጀመሪያ ምላስህ ላይ ቁልፍ አብጅለት» ትለዋለች።

መርፌ የተባለችው ወረቀት ስለምትሰፋ ነው። ሌላው ቢሮ በስቴፕለር ይመታል። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ግን ምድር ቤት በመሆኑ እርጥበት አለው፤ የስቴፕለሩ ሽቦ ይዝግና ይበጠሳል፣ ከዚያ የአንዱ ሰው ገጽ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። አክስቴ ሥራ በጀመረችበት ሰሞን የአንዲት ባልቴት ውል የመጨረሻ ገጽ እንዲሁ ጠፍቶ፣ ሴትየዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አየች። በማግስቱ የአባቷን ወስፌ ይዛ ገባች። አያቴ ፍራሽ ሰፊ ነበሩ። ከእሳቸው የወረሰችው ወስፌውንና ክር ስታጠብቅ ከንፈሯን መንከሱን ነው።

ክሩ ሁለት ዓይነት ነው። ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ተቃራኒ ወገን የሚሄደውን በነጭ ትሰፋዋለች፤ ከቢሮው የማይወጣውን በጥቁር። ማንም አላዘዛትም። ዓይኗ ሲደክም እጇ እንዲያውቀው ብላ ራሷ ያመጣችው ዘዴ ነው። ነጭ ከሆነ ፖስታ ውስጥ፣ ጥቁር ከሆነ ካቢኔት ውስጥ። እያደር ርዕስ ማንበቡንም ተወችው።

ከቢሮው የማይወጣው ምን እንደሆነ ጠበቃው ለእያንዳንዱ አዲስ ባለጉዳይ በአንድ ዓይነት ቃል ያስረዳሉ። አክስቴ ቃላቸውን ሸምድዳዋለች፤ እቤት ሳህን እያጠበች እንደ እሳቸው ጉሮሮዋን ጠርጋ ትለዋለች። «የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ። የሚጠቅምህን ብቻ ሳይሆን የሚጎዳህንም። ለክርክሩ ብለህ ለእኔ የምትጽፈው ወረቀት በአንተና በእኔ መሃል ያለ ነው። ያኛው ወገን አምጣ ሊልህ አይችልም፤ ዳኛም ክፈት አይልህም። አንተ ራስህ ይውጣ ካላልክ በቀር አይወጣም።» ባለጉዳዩ እፎይ ሲል ደግሞ ጣታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ከክርክሩ በፊት የነበረ ውል ወይም ደብዳቤ እሳቸው ዘንድ ስለመጣ ብቻ ምስጢር አይሆንም። አንድ ነጋዴ ይህችን የመጨረሻዋን ሳይሰማት ቀርቶ፣ የሱቁን መሳቢያ እንዳለ መንግሎ አምጥቶ አክስቴ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠውና ሁሉንም በጥቁር እንድትሰፋለት ጠየቃት። ጠበቃው ከውስጥ ሰምተው ወጡ። «የእኔን ደረጃ መውጣት ወረቀት የሚሰውር ቢሆን ኖሮ የከተማው ሰው ግማሹ እዚህ ካቢኔት ውስጥ ይኖር ነበር» አሉና መሳቢያውን መልሰው አሸከሙት።

የክሩን ነገር ኮሪደሩ ሁሉ ያውቀዋል። የመዝገብ ቤቱ ሹም ፖስታዋን ሲቀበል ገና ሳይከፍተው «ነጭ ነው አይደል? እንግዲያው የእኛ ነው» ይላል። አክስቴም በዚህ በሆዷ ትኮራ ነበር፤ ባትናገረውም ያስታውቅባታል።

አናጢው ወደ ቢሮው የመጣው ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ነው። ሥራ ቤቱና መኖሪያው አንድ ግቢ ናቸው። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አንድ ኮንትራክተር ፎቅ ሊሠራ መሠረት አስቆፈረ፤ ቆፋሪው ማሽን እስከ አናጢው ግድግዳ ሥር ድረስ ተጠግቶ ቆፈረ። ግድግዳው መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ መሃሉ ተናደና መላጊያው ማሽን ላይ ወረደ። አናጢው የጠየቀው ኮንትራክተሩ ግድግዳውን መልሶ እንዲሠራለት ነው። ያ ካልሆነ የሚሠራበት ቦታ የለውም፤ በላስቲክ በተጋረደ ቀዳዳ አጠገብ እንጨት መላግ አይቻልም፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያለው እንጨት ሁሉ ይጣመማል።

ሰውየው ሲያወራ አይታክትም። ስለ እንጨት ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። እስክሪብቶ ሲይዝ ግን ላብ ላብ ይለዋል። ጠበቃው ሁሉን ጻፍ ሲሉት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ጣውላ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጽፍ አረፈደ። አንዴ ቀና ብሎ አክስቴን ጠየቃት። «እትዬ፣ ይሄን ማን ማን ነው የሚያነበው?»

«ጋሼና እኔ» አለችው። «እኔም የማነበው ለመተየብ ነው።»

«ሚስቴስ?»

«ሚስትህ እዚህ ትሠራለች እንዴ?»

ሳቀና መጻፉን ቀጠለ።

እዚያ ወረቀት ላይ የነበረውን አክስቴ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እኔ እዚህ የማሰፍረው አናጢው ራሱ በኋላ ችሎት ቆሞ የተናገረውን ነው። ግድግዳው ላይ ብርሃን እንዲገባለት ብሎ ቀደም ሲል መስኮት ከፍቷል። ለሌላ ሰው ሲሠራ ፈጽሞ የማይዘነጋውን፣ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግንብ የሚሸከም ብረት ወይም ወፍራም እንጨት አላስገባም። በኋላ አስገባዋለሁ ብሎ ነበር፤ ሥራ በዛና ቀረ። ግድግዳው የተናደ ዕለት መጀመሪያ የወረደው ከመስኮቱ በላይ ያለው ነው። ኮንትራክተሩ ይህን ወረቀት እጁ ቢያስገባ ግድግዳህን ያፈረስከው አንተው ነህ ብሎ እጁን ታጥቦ ይወጣል።

አክስቴ ተየበችው፣ አናጢው ፈረመበት፣ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጠበቃው ሌላ ጉዳይ ነበራቸውና አክስቴም መዝገብ ተሸክማ አብራቸው ወጣች። ችሎት ሊገቡ ሲሉ የካባቸው እጅጌ የበር እጀታ ላይ ተሰክቶ እስከ ትከሻው ድረስ ተተረተረ። አክስቴ ጥቁሩን ክር ከቦርሳዋ አውጥታ፣ እሳቸውን እንደ ቆሙ ግድግዳ አስደግፋ ሰፋችላቸው። የኮሪደሩ ሰው «ዛሬ ደግሞ ጠበቃውን ራሳቸውን ካቢኔት ልታስገቢያቸው ነው?» እያለ ሳቀ። ወዲያው ስማቸው ተጠራ። ክሩን የምታስቀምጥበት ጊዜ አጥታ ካባቸው ኪስ ውስጥ ከተተችው። እሳቸውም ከችሎት ሲወጡ ካባቸውን እንደ ታጠፈ ይዘው በዚያው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቢሮ ስትመለስ የአናጢው ወረቀት ሳይሰፋ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ጥቁር ክር የለም። ያልተሰፋ ወረቀት ትቶ መሄድ ደግሞ በእሷ ዘንድ በር ከፍቶ እንደ መሄድ ነው። ለአሁኑ በነጭ ልያዘው፣ ነገ ፈትቼ እቀይረዋለሁ አለችና ሰፋችው። ከሌሎቹ ለየት እንዲል ብላ የጠረጴዛዋ ጥግ ላይ አኖረችው።

በማግስቱ ለኮንትራክተሩ ጠበቃ የሚሰጡ የአናጢው ጉዳይ የማስረጃ ኮፒዎች ነበሩ። ኮፒዎቹን ሰፍታ ጨረሰችና ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ነጩን ሁሉ ሰብስባ ፖስታ ውስጥ ከተተች። አላየችውም። ለምን ታየዋለች? ነጭ ነው። ራሷ ወስዳ አስፈርማ አስረከበች፤ በመንገዷም ቲማቲም ገዝታ ተመለሰች።

ጠበቃው ሲገቡ ጥቁሩን ክር ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት። «ይኸው ሌባሽ ተያዘልሽ» አሏት።

አክስቴ ክሩን አየችው። ከዚያ የጠረጴዛዋን ጥግ አየች። ካቢኔቱን ከፍታ ገለባበጠችው፤ እዚያ እንደማይኖር ታውቃለች፣ ግን እጇ ዝም ብሎ ይፈልጋል። ቲማቲሙን ሳይቀር ከዘንቢሉ አውጥታ ሥሩን አየች።

የኮንትራክተሩ ጠበቃ ወጣት ሴት ናት። ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ ተረከዟ ስለሚጮህ «ኳኳቴ» ይሏታል። አክስቴ እየሮጠች ቢሮዋ ስትደርስ ፖስታው ተከፍቶ ነበር። ኳኳቴ በሩ ላይ ቆማ አነጋገረቻት። ምን እንደሆነ ሳታውቅ የመጀመሪያውን ገጽና የሁለተኛውን ግማሽ እንዳነበበች፣ ስታውቅ እንዳቆመች ሳትደብቅ ነገረቻት። ችግሩ ስታነብ ኮንትራክተሩ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ፊቷ መለዋወጡን አይቶ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት፣ እሷም የማይገባ ወረቀት ገብቷል ከማለት በቀር ምንም አልነገረችውም። እሱ ግን ከገባ የእኛ ነው፣ ችሎት ላይ ይነበብልኝ ብሎ ድርቅ አለ። ወረቀቱን በፖስታ አሽጋ ዳኛዋ ፊት ልታቀርበው እንደሆነ፣ ውሳኔውንም ለእሳቸው እንደምትተው ተናገረች። አክስቴ ስጪኝ ብላ ብትለምናት አልሰጠቻትም። አላመናጨቀቻትም ግን።

አክስቴ ለጠበቃው ስትነግራቸው አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በካባቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር ትላለች እሷ። በመጨረሻ ወረቀቱ የእሳቸውም የእሷም እንዳልሆነ፣ የሚጠበቀው ለአናጢው ሲባል በመሆኑ ከሁሉ በፊት እሱ ዛሬውኑ ማወቅ እንዳለበት ነገሯት። ስልኩን ሊያነሱ ሲሉ አስቆመቻቸው። በእግሬ ሄጄ እነግረዋለሁ አለች።

አናጢው የፈረሰውን ግድግዳ በላስቲክ ጋርዶ የበር ፍሬም ሲያያይዝ አገኘችው። ወንበር አቀረበላት፣ አልተቀመጠችም። የሆነውን ከክሩ ጀምራ ነገረችው። ሙጫው እጁ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ሰማት።

«እንግዲህ አንብበዋል በይኛ» አላት።

«ጠበቃዋ ጥቂት አንብባለች። ሰውየው አላነበበም። ችሎት ላይ ይነበብ እንደሆነ ዳኛዋ ይወስናሉ።»

«እኔኮ እትዬ፣ ከአንቺ ፊት ስጽፈው ግድግዳው እንኳ የሰማኝ አልመሰለኝም ነበር።» የተናደውን አየት አደረገ። «እሱማ ከዚህ በላይ ምን ይስማ።»

አክስቴ ይቅርታ አለችው። እሱም ሚስቱ ከጓሮ ስትመጣ አይቶ ዓይኑን ሰበር አደረገና ወሬውን ወደ በር ፍሬሙ መለሰው። አክስቴ ያንን ዓይን ነው ያልረሳችው። ያን ሰሞን እቤት ስትገባ ጥቁሩንና ነጩን ክር ጎን ለጎን አስቀምጣ ታያቸው ነበር፤ ሳነጋግራት ትመልሳለች፣ ግን ነገሩ ከአፏ ይወጣል እንጂ እሷ አብራው አትወጣም።

የወረቀቱ ጉዳይ በተሰማበት ቀን እኔም ትምህርት ስላልነበረኝ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ዳኛዋ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። የታሸገውን ፖስታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው ሳይነኩት ሁለቱንም ወገን ሰሙ።

ኳኳቴ ጥሩ ተናገረች። ወረቀቱ እንዳልተሰረቀ፣ በፖስታ ተደርጎ፣ ተፈርሞበት እንደ ደረሳት አስረዳች። ከዚያ አክስቴን ሳታያት የሚቀጥለውን አለች። «የእኚህን ሴት ክር ይህ ግቢ ያውቀዋል። ነጭ ማለት ይውጣ ማለት ነው። ይህም የተሰፋው በነጭ ነው፤ የተሳሳተ ሳይሆን የተላከ ወረቀት ነው።»

ኮሪደር ላይ ሲቀልድ የኖረው ሁሉ አንገቱን ደፋ። የአክስቴ ሥርዓት ከዚያ ቀን በፊት ከድቷት አያውቅም ነበርና እሱው ራሱ መሰከረባት። የእኛ ጠበቃ ተነስተው ስለ ካባው፣ ስለ እጅጌው፣ ስለ ኪሱ አስረዱ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም።

«ክሩን ለጊዜው ተዉት» አሉና አክስቴን አስነሷት። ወረቀቱ ለምን እንደ ተጻፈ ጠየቋት። ጠበቃው ለክርክሩ ጻፍልኝ ስላሉት ነው አለች። ክሱ ባይኖር ይጻፍ ነበር ወይ? አይጻፍም። እሺ፣ ይውጣ ያለው ማነው?

«ማንም አላለም፣ ክብርት ዳኛ» አለች አክስቴ። «እጄ ነው ያወጣው።»

አናጢውንም ጠየቁት። ይውጣ እንዳላለ፣ መውጣቱንም የሰማው ከእሷው አፍ እንደሆነ ተናገረ።

ዳኛዋ ጥቂት ጽፈው ብይኑን አሰሙ። ወረቀቱ ከሳሹ ለክርክሩ ሲል ለጠበቃው የጻፈው ነው። ሊያወጣው የሚችለው እሱ ብቻ ነው፣ እሱም አላወጣውም፤ የጸሐፊ ስህተት የባለጉዳይን መብት አይወስድም። ፖስታው እንደ ታሸገ ይመለስ፣ ቅጂ ካለ ይቀደድ፣ ከውስጡ አንድም ቃል በክርክሩ ላይ አይጠቀስ። አክስቴ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። ዳኛዋ ግን አልጨረሱም።

«የዘጋሁት ወረቀቱን ነው» አሉ። «ስለ ግድግዳው መጠየቅን አልዘጋሁም። ምስክር ሆኖ የሚቆም ሰው ለተጠየቀው እውነቱን ይናገራል።»

ከዚያ በኋላ ጠበቃው አናጢውን ቢሮ አስጠርተው በዚሁ ላይ ብዙ አነጋገሩት። ወረቀቱን ማንም እንደማያነብበት፣ ነገር ግን ስለ መስኮቱ ቢጠየቅና ቢዋሽ እሳቸው ከጎኑ እንደማይቆሙ ነገሩት። አናጢው ተነስቶ ወጣ። አክስቴ ደረጃው ድረስ ሸኘችው፤ እሱም ደህና ዋይ ሳይላት ወረደ።

በምስክርነቱ ቀን ኳኳቴ ስለ ቁፋሮው፣ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ማሽኑ ስትጠይቀው ቆየች። አናጢውም እንደ ልማዱ ከተጠየቀው በላይ እያወራ ዳኛዋ ሁለቴ አሳጠሩት። ከዚያ ግድግዳው እንደ ተሠራ ነበር ወይስ በኋላ የተነካ ነገር አለ ብላ ጠየቀችው። የኮንትራክተሩ ሠራተኞች ከፍርስራሹ ውስጥ የመስኮት ፍሬም ማንሳታቸውን ሁላችንም ሰምተን ነበር። ጥያቄው ከዚያ ይምጣ ወይስ ካነበበችው ገጽ ተኩል፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጠበቃው ያለ ወረቀቱም የማይቀር ጥያቄ ነበር ይላሉ። አክስቴ ይህን ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች፤ አምናበት ይሁን አላውቅም።

አናጢው ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አጠረው። ወደ ሚስቱ ዞር አለ፤ የፊት ወንበር ላይ ነበረች።

«መስኮት አለው። እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለ። «ከላይ የሚሸከም አላስገባሁም። ቁፋሮው ባይጠጋው ይቆም ነበር፤ ግን አላስገባሁም።»

ሚስቱ ገና ሳትገባበት የከፈተው ስለሆነ፣ መስኮቱ ቤቱን ሲገዙ አብሮ የነበረ ይመስላት ነበር። መሬት መሬት አየች።

ውሳኔው ሲመጣ ግድግዳውን ያናወጠው ቁፋሮው እንደሆነ፣ ከመስኮቱ በላይ ያለው ቀድሞ የወረደው ግን በአናጢው ጉድለት እንደሆነ ተነበበ። ኮንትራክተሩ ግድግዳውን መልሶ እንዲሠራ፣ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ደግሞ አናጢው በራሱ እንዲያሠራ ታዘዘ። መላጊያ ማሽኑንም ለሁለት ያስጠግኑ ተባለ። ሙሉ አላሸነፈም፤ ሥራ ቤቱ ግን ቆመ። አሁን በዚያ ሳልፍ መስኮቱ አለ፣ በላዩም ዓይን የሚሞላ ወፍራም እንጨት ተጋድሟል። ቁልፍ ቀራጩ እንደሚለው ያንን እንጨት ያስገባችው ሚስቱ ናት እንጂ አናጢው አይደለም።

ጠበቃው «ከቢሮ አይወጣም» የሚል ቀይ ማኅተም አስቀርጸው ለአክስቴ ሰጧት። ትመታዋለች። መስፋቱንም አልተወችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ፖስታ ከማሸጓ በፊት እያንዳንዱን ወረቀት ከርዕሱ እስከ ፊርማው ታነበዋለች፤ ሥራዋ ዘግይቶባታል፣ ማታም ዘግይታ ትመጣለች። ጥቁር ክር ደግሞ አንዱን ካቢኔት ውስጥ፣ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ ታኖራለች።

አናጢው ለረጅም ጊዜ ብቅ አላለም። አክስቴ መንገድ ላይ ካየችው ሰላም ትለዋለች፣ እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። እንደማይመለስ እርግጠኛ ሆና ነበር። አንድ ቀን ግን የእህቱን የርስት ጉዳይ ይዞ ደረጃውን ወጣ። ጠበቃው ያንኑ ንግግራቸውን ገና ሲጀምሩ አውቀዋለሁ ብሎ አቋረጣቸውና አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ሲጨርስ ወረቀቱን ለአክስቴ ሰጣት።

ተየበችው፣ ፈረመበት። መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። ቆቡን እንደ ያዘ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ።

«በጥቁሩ» አላት።

አክስቴ ጥቁሩን ክር አውጥታ አሳየችው። ከንፈሯን ነክሳ ሰፋችው፣ ቋጠረችው፣ ካቢኔቱን ከፍታ አስገባችው፣ ቆለፈችው። አናጢው ቁልፉ አንገቷ ላይ እስኪመለስ ድረስ ቆሞ አየ። ከዚያ ቆቡን አጠለቀና «ደህና ዋይ፣ እትዬ» ብሏት ወረደ።